ቤት ነኝ

እንፍራንዝ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው በመስኮት አይቷት የሚያልፋት ከተማ ናት። ታሪክ የሚወድ ከሆነ የጉዛራን ቤተ መንግሥት አሻግሮ ያያል፤ አፄ ሠርፀ ድንግል ጎንደር ሳትቆረቆር ያሠሩት ነው። እኔ ባለፈው ሳልፍ ዓይኔ ያረፈው በእንጨት ጫፍ ላይ በተደፋ ጣሳ ነበር። ጠላ ቤት መሆኑ ነው፤ ወርጄ ገባሁ።

ባለቤቷ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። በጨዋታ መሐል ሥራቸውን ጠየቅኋቸው።

«ኧረ ምን ሥራ አለኝ ወንድምዓለም! ቤት ነኝ።»

ይህን ያሉኝ ጠላ እየቀዱልኝ ነው። ጌሾውን የወቀጡት፣ ብቅሉን ያበቀሉት፣ አሻሮውን ቆልተው የጠነሰሱት እሳቸው፤ ሒሳብ የተቀበሉኝም እሳቸው። ደጅ ላይ ያሉት ወንዶች ግን ሁሉም የሥራ ስም አላቸው፦ ሹፌር፣ ረዳት፣ ጫኝ፣ ባለባጃጅ። ግድግዳ ተደግፎ የሚውለው ጎረምሳ እንኳ «ሥራ ፈላጊ» የሚል ማዕረግ አለው።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር ስለነበር የሕዝብ ቆጠራ ሰንጠረዥንም የማነበው እንደ ልቦለድ ነው፤ ማን ተተረከ፣ ማን ተዘለለ እያልኩ። ቆጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተካሂዷል፤ በ2011 ይደረጋል የተባለው ተራዘመ። እውነቱን ለመናገር ደንቡ ያን ያህል ክፉ አይደለም። ለሽያጭ የተጠመቀ ጠላ በደንቡ ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ የብሔራዊ ሒሳብ መመሪያ ውሃ መቅዳትንና እንጨት መልቀምን እንኳ ከምርት ይቆጥራል፤ ወጥ መሥራትን ግን አይቆጥርም። እንስራው ከምንጭ እስከ ደጃፍ ምርት ነው፤ ውሃው ድስት ውስጥ ሲገባ ምንም ይሆናል!

ችግሩ የሚጀምረው ጠያቂው ደጃፍ ቆሞ «የሚስትዎ ሥራ ምንድን ነው?» ሲል ነው። መላሹ ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። «ቤት ነች» ይላል፤ እሷም ብትጠየቅ እንዲያው ትላለች። ቅጹ ላይ «የቤት እመቤት» ይጻፋል፤ ጋኑ ከሰንጠረዡ ወጣ ማለት ነው።

ቋንቋችንም አላገዘንም። «ሠራተኛ አለችን» ስንል ማንን ማለታችን ነው? ማድ ቤት ያለችውን ልጅ እኮ ነው። እሷ እንጀራ ስትጋግር ተቀጣሪ ናት፤ እመቤቲቱ በዚያው ምጣድ ስትጋግር ሥራ የላትም። ፒጉ የሚባል እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ ሰውዬው የቤት ሠራተኛውን ቢያገባ የሀገር ገቢ ይቀንሳል ብሎ በዚህ ተገርሞ ነበር፤ መቶ ዓመት አለፈው። በ2006 ዓ.ም. ጄኔቫ የተሰበሰቡት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ለቤተሰብ ማብሰልም ሥራ ነው ብለው ወሰኑ። ሥራ ነው፣ «ቅጥር» ግን አይደለም አሉ። በዚያው ስሌት ለጎተራው ብቻ የሚያርሰው ገበሬም ከቅጥር ወጣ። ወንዱ የዚህን ጣዕም ሲቀምሰው ምን እንደሚል እንሰማለን።

እኔስ? ዩኒቨርሲቲ ስገባ የተሞላ ቅጽ አለኝ፤ ቅጂው እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የመሳፈሪያዬን ገንዘብ እናቴ በአረቄ ነው ያጠራቀመችው፤ ከመቀነቷ ፈትታ ስትሰጠኝ እጇ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ቅጹ ላይ «የእናት ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ «የለም» ይላል።