ግድግዳ የሌለው ፋብሪካ

አሽሊ ቫንስ በ2015 ያሳተመውን የኢሎን መስክ የሕይወት ታሪክ ለማንበብ ድሬዳዋ ጥሩ ቦታ ናት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ የከዚራን ሰፈር ወደ ጥላ ሲሰበስበው ስለ ባትሪ የሚያወራ መጽሐፍ ይገባል። የመስክ የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ የቴስላ ታሪክ ግማሹ የሙቀት ታሪክ ነውና።

ደጋግሜ የተመለስኩበት የታይላንዱ ገጽ ነው። ኩባንያው የመጀመሪያ መኪናውን፣ የሮድስተርን ባትሪ በርካሽ ለማስገጣጠም ከባንኮክ በስተደቡብ ሦስት ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ፋብሪካ ያገኛል። መሐንዲሶቹ ሲደርሱ የጠበቃቸው የሲሚንቶ ወለል፣ ምሰሶና ጣሪያ ብቻ ነበር። ግድግዳ የሚባል የለም። የድሬ ሰው ቢሆን ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይገባው ነበር። ምድጃና ጎማ ለሚሠሩት ጎረቤቶች ነፋሱ በረከት ነው፤ ለባትሪ ግን አቧራና እርጥበት ጠላቶቹ ናቸው። 75,000 ዶላር ወጥቶ ግድግዳ ቆመ፣ ወለሉም ተቀባ።

ቫንስ ጋራዥ ውስጥ ሲገባ ብዕሩ ይሰላል። የቴስላው መሐንዲስ ጄ ቢ ስትራውበል በልጅነቱ ከቆሻሻ መጣያ ያገኘውን የጎልፍ ጋሪ ሞተሩን ፈትቶ እንዴት እንዳስነሣው፣ በኋላም በ1,600 ዶላር የገዛውን አሮጌ ፖርሽ እንዴት ወደ ኤሌክትሪክ እንደቀየረው ሲተርክ የግሪስ ሽታ ይመጣል። የቴስላ መሐንዲሶች ሃያ የላፕቶፕ ባትሪዎችን አንድ ላይ አስረው ሲለኩሷቸው እንደ ርችት መተኮሳቸውንም እናያለን። ሮድስተር ላይ የሚገጠሙት ደግሞ ወደ 7,000 ይጠጋሉ! ባትሪውን በፈሳሽ ማቀዝቀዝ ለምን የሞት ሽረት ጉዳይ እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት ያስቸግራል።

መስክ ሲገባ ግን መጽሐፉ ቃናውን ይቀይራል። ኩባንያውን በ2003 የመሠረቱት ማርቲን ኤበርሃርድና ማርክ ታርፔኒንግ ናቸው፤ መስክ በ2004 6.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ መጣ። ኤበርሃርድ በ2007 ከሥራ አስኪያጅነቱ ተነሣ፣ በ2009 ክስ መሠረተ፤ ነገሩ አምስት ሰዎች «መሥራች» ተብለው እንዲጠሩ በስምምነት አለቀ። ቫንስ ይህን አልደበቀም። ሚዛኑ ግን ያጋደለ ነው። ኩባንያው ሊከስር ጫፍ ደርሶ የተረፈበት የ2008 የገና ዋዜማ እንደ ፊልም ተተርኳል፤ የአሜሪካ መንግሥት የሰጠው የ465 ሚሊዮን ዶላር ብድር ግን አለፍ ብሎ የሚነሣ ነገር ሆኗል። የአለቃው ቁጣና ያልተከበረ ቀነ ገደብም የጀግንነት ማጣፈጫ ይሆናሉ። እኔ እዚህ ላይ አልተመቸኝም። ድሬን የወለዳት የባቡር ኩባንያ ነው። ሐዲዱ በ1902 እዚህ ሲደርስ የባቡር ሥራው ፈቃድ (የኮንሴሲዮኑ) ባለቤቶች እነማን እንደነበሩ ዛሬ ከታሪክ አጥኚ በቀር ስንቱ ያስታውሳል? በከተማው ሲወሳ የኖረው ቶርኖ ላይ ቆሞ መለዋወጫ የሚቀርጸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው። ፔጆ 404ን ፋብሪካው ከተዋት በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ታክሲ አድርገው ያቆዩአት ባለሙያዎችም ስማቸው የትም አልተጻፈም።

ዛሬ ቴስላ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው፣ መኪናው ራሱን በራሱ መንዳቱ፣ መጽሐፉ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። አውቶፓይለት የተባለው የመንጃ ሥርዓት ለደንበኞች የደረሰው መጽሐፉ ከወጣ ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 2015 ነውና ደራሲው አይወቀስበትም። ይሁን እንጂ ላልተከበረ ቀነ ገደብ ያሳየው ርኅራኄ አንባቢውን ሳያስጠነቅቀው ቀርቷል። ኩባንያው በ2016 የሚያመርታቸው መኪኖች ሁሉ ሙሉ በሙሉ ራሳቸውን ለመንዳት የሚያበቃ መሣሪያ እንደተገጠመላቸው አወጀ፤ በ2025 በአሜሪካዋ ኦስቲን ራሱን የሚነዳ የታክሲ አገልግሎቱን ሲጀምር ግን መኪናው ውስጥ ተቆጣጣሪ ሠራተኛ ተቀምጦ ነበር። (እንኳን ኦስቲን፣ በጋ ላይ አሸዋ፣ ክረምት ላይ ጎርፍ የሆነውን የድሬን ወንዝ ደቻቱን፣ ባጃጁንና ግመሉን ለካሜራ ማን ያስረዳዋል?)

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ መጽሐፉ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። ሙሉውን መተርጎም አስፈላጊ አይመስለኝም። ሰባተኛው ምዕራፍ፣ የጎልፍ ጋሪውና የባትሪው፣ ተተርጉሞ የድሬ ጋራዦች ቢደርስ ግን ደስ ይለኛል። የታይላንዱ ገጽ ላይ ሲደርሱ የሚስቁትን ሳቅ ከወዲሁ እሰማዋለሁ።