ሁለት ትንንሽ ካሜራዎችና የእንሰት ፋቂዋ እጅ

ተማሪ የባላገሩን ሙያ ለማጥናት ሲወጣ የሚይዘው ካሜራ እንደ ማስታወሻ ደብተሩ የምስክርነት መሣሪያ ስለ ሆነ፥ አያያዙ ሊመረመር ይገባል። ለዚህ ጽሑፍ የመረጥናቸው በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሪኮ ጂ አር 3 እና በ2012 ዓ.ም. የወጣው ፉጂፊልም ኤክስ 100 ቪ ናቸው። መመዘኛችንም በገረሴ ደጋ የሚታየው የእንሰት አፋፋቅ ነው።

ፋቂዋ በጥላ ሥር ትሠራለች፤ እጇ ይፈጥናል፤ ቃጫው በእጇና በሌንሱ መካከል ይዘረጋል፤ ጉም ሲወርድም ሁሉ ነገር አንድ መልክ ይሆናል። ካሜራው በራሱ ፎከስ ሲያደርግ የሚመራው በብርሃንና በጥላ ልዩነት ነውና፥ ወይ ቃጫውን ይይዛል፥ ወይ ሲያመነታ ጊዜው ያልፋል። ቃጫው ጠርቶ እጁ የደበዘዘበት ሥዕል ቢያምርም እንኳ፥ መፋቂያው እንዴት እንደ ተያዘ አያስረዳም። ስለዚህ ፎከሱን በእጅ መወሰን ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ ፉጂፊልም ሲታይ የሚበልጥ ይመስላል። በሌንሱ ዙሪያ የሚዞር ቀለበት፥ በፀሐይም የሚያገለግል መመልከቻ አለው። ነገር ግን ቀለበቱ ሌንሱን የሚያዘው በኤሌክትሪክ ነው፤ ርቀትም አልተቀረጸበትም። ርቀቱ አስቀድሞ ቢወሰን እንኳ ጣት ሲነካው ይዛወራል። ክብደቱም 478 ግራም ነው።

ሪኮ 257 ግራም ብቻ ሲመዝን በአንድ እጅ ይያዛል። መመልከቻ የለውም፤ የጀርባው መስተዋት በፀሐይ ይደክማል፤ የፎከስ ቀለበትም የለውም። የሆነ ሆኖ «ስናፕ» በተባለው ዘዴ ርቀቱን 1፥ 1.5 ወይም 2 ሜትር ላይ መወሰን ይቻላል፤ አዝራሩ አንድ ጊዜ በሙሉ ሲጫን ካሜራው ሳያመነታ ያነሣል። ርቀቱ 1.5 ሜትር፥ የብርሃን መግቢያው ኤፍ 8 ሲሆን፥ ከ90 ሳንቲ ሜትር ገደማ እስከ 5 ሜትር ያለው ይጠራል። በጨለማ ቤት ውስጥ ኤፍ 2.8 ሲሆን ግን የሚጠራው ከ1.2 እስከ 2 ሜትር ያለው ብቻ ነው። እንግዲህ ከደጅ ወደ ቤት ሲገቡ ተማሪው አቀማመጡን ማስተካከል አለበት።

ከዚህ የተነሣ ለማይንቀሳቀስ ነገር፥ ለምሳሌ ለመፋቂያው ስለት ወይም ለጥበብ ጥለት፥ ፉጂፊልምን እንመርጣለን፤ በሥራ ላይ ላለ እጅ ግን ሪኮን። ሆኖም ሁለቱም አንድ ሜትር ተኩልን በዓይኑ መገመት ላልተለማመደ ተማሪ አይጠቅሙም። ፋቂዋ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ የደበዘዘውን ሥዕል የሚያቀና መሣሪያ የለምና፥ ልምምዱ ከጉዞው በፊት ይሁን።