ከወታደሩ እግር በታች

ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በ1/72 መጠን ሞዴል ሲሆን 24 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከአውራ ጣት አንጓ በማይበልጥ የፕላስቲክ ወታደር ላይ ቀለም የሚቀባው ባለሙያ ኮሌታ፣ ጠፍርና የደከመ ፊት ያወጣበታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ካወጣው ይልቅ የተወው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1815 በዋተርሎ ውጊያ የተሰለፉትን እንግሊዛውያን እግረኞች እንውሰድ። አብዛኞቹ ቀይ ኮት ለባሾች ናቸው፤ ሬጅመንታቸው የሚለየው በኮሌታውና በእጅጌው ጫፍ ቀለም ነው። በአንድ ብርጌድ ውስጥ እንኳ የ33ኛው ቀይ፣ የ30ኛው ፈዛዛ ቢጫ፣ የ69ኛው አረንጓዴ ነበር። እዚህ ላይ ስህተት ምሕረት የለውም፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ከዚያች ጠብታ ከምታህል ኮሌታ ሬጅመንቱን ያነባል። የዓይን ነገር ግን ሌላ ነው። ነጭ ነጥብ፣ በላዩም ጥቁር ነጥብ የሚያደርግ ጀማሪ ወታደሩን ጅብ ያየ ያስመስለዋል። አዋቂው ከባርኔጣው ሥር ቀጠን ያለ ቡናማ ጥላ ጥሎ ያልፋል፤ ዓይኑን የሚጨርሰው ተመልካቹ ራሱ ነው።

ቀዩም ቢሆን ከጠርሙሱ እንደወጣ አይለቀለቅም። ይህን በሚያህል ነገር ላይ ብርሃን በቂ ጥላ ስለማይጥል ጥላውን መፍጠር የሠዓሊው ሥራ ነው፤ እጥፋቶቹ ውስጥ የጠቆረ ቀይ፣ ከዚያ ዋናው ቀይ፣ ትከሻና ክርን ላይ ደግሞ ትንሽ ብርቱካናማ የነካው። ደረት ላይ የተጣመረው ጠፍር በግራጫ ይጀመርና መሐሉን ነጭ ይሄድበታል። ዳር ላይ የተረፈችው ግራጫ ክር ጠፍሩን ከኮቱ ትለየዋለች። በጣም ቀጭን ብሩሽ ያስፈልጋል የሚሉ ይሳሳታሉ፤ ቀለሙ ወታደሩ ጋ ሳይደርስ ይደርቅበታል። ሆዱ ሞላ፣ ጫፉ ሾል ያለ ብሩሽ ይሻላል።

ስለ ፕላስቲኩ ብዙ አልልም። የእንግሊዙ ሞዴል አምራች ኤርፊክስ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ያወጣቸው ወታደሮች ለስላሳ ናቸው፤ ጠመንጃው ሲጎብጥ ቀለሙ ይላጣል። በሳሙና ካልታጠቡ ደግሞ ቀለሙ ከመጀመሪያውም አይዝም።

ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው ከእግር በታች ነው። ወታደሩ በጥንቃቄ ተቀብቶ ሲያበቃ እንደ ኳስ ሜዳ በለመለመ ሣር ላይ ይተከላል። ዋተርሎ እንዲህ አልነበረም። በውጊያው ዋዜማ ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሏል፤ ራይ የሚባለው ረጅም እህል በፈረስና በሰው እግር ተረግጦ ጭቃ ላይ ተኝቷል። ይህን የሚያውቅ ሰው መቆሚያው ላይ ኮላ ቀብቶ አሸዋ ይነሰንሳል፤ በጥቁር ቡናማ ያጠግበዋል፤ ቀለሙ በጨርቅ ተጠርጎ በደረቀ ብሩሽ ጉብታዎቹን ብቻ ነካ ነካ ያደርጋል። ከዚያ ገለባ የሚመስሉ ክሮችን ወደ አንድ አቅጣጫ ያስተኛል። ጭቃውም ጫማው ላይ አይቀርም፤ ሱሪው ግርጌ ድረስ ይወጣል። ለእኔ ከፊቱ ይልቅ ሙያ የሚለካው በዚህ ጭቃ ነው።

የእንግሊዝ ጦር መኮንን ለነበረው ለዊልያም ሳይቦርን ይህ ገብቶት ነበር። የዋተርሎን ታላቅ ሞዴል ሲሠራ በላ ኤ ሳንት እርሻ ስምንት ወር ተቀምጦ መሬቱን ለካ። ከውጊያው ለተረፉ መኮንኖችም እየጻፈ የት እንደቆሙ ብቻ ሳይሆን ማሳው ላይ ምን እህል እንደነበረ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1838 ለሕዝብ የቀረበው ይህ ሞዴል፣ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ከ70,000 በላይ የብረት ወታደሮች አሉበት። ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ ነው። እዚያ የሄደ አንባቢ ከወታደሮቹ በፊት ማሳዎቹን ይመልከት።