የጥሩ አለማማጅ እጅ የት ይታወቃል?

አንድ የሕግ ባለሙያ ተለማማጁን እንዴት እንዳበቃ ለማወቅ የምስክር ወረቀትም ሆነ የምስጋና ደብዳቤ አልመለከትም። የማየው ተለማማጇ የጻፈችውን የመጀመሪያ የክስ ማመልከቻ ረቂቅ፣ ከረቂቁም ኅዳጉን ነው። አለማማጁ የልጅቷን ዓረፍተ ነገር ሰርዞ የራሱን ከተካበት ማመልከቻው ለችሎት ይበቃ ይሆናል፤ እርሷ ግን ያገኘችው ነገር የለም፣ ነገም ያንኑ ትጽፋለች። «መቼ?»፣ «ማን አየ?»፣ «ይህንን በምን ታስረጃለሽ?» ብሎ ጽፎ ከመለሰላት ግን አስተምሯታል። መልሱን ፈልጋ እስክታመጣ የሚታገሥ ሰው ብርቅ ነው፤ ራሱ ቢጽፈው በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋልና።

ይህ መለኪያ የትም ቢሆን ይሠራል። ከደሴ ተነሥቶ የለጋምቦን ደጋ አልፎ በሚደረስባት የቦረና ወረዳ ከተማ፣ በመካነ ሰላም፣ ግን በተለይ ይጠቅማል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚህ ነው። የሕግ ተማሪ የትም ይማር የት፣ ለኤክስተርንሺፕ (ለተግባር ልምምድ) ወይም ከምረቃ በኋላ ወደዚህ አገር ሲመጣ የሚጠብቀው የገበሬ ጉዳይ ነው፦ የእርሻ ድንበር፣ ውርስ፣ የመሬት ኪራይ፣ የልጅ ቀለብ።

የድንበር ክርክርን እንውሰድ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 222 የክስ ማመልከቻ ለክሱ ምክንያት የሆኑትን ፍሬ ነገሮች፣ መቼና የት እንደተፈጸሙ ጭምር እንዲገልጽ ያዝዛል። ጀማሪ የምትጽፈው ግን ብዙ ጊዜ «ተከሳሽ ይዞታዬን ያለ አግባብ ይዞብኛል» የሚል ነው። ይህ ፍሬ ነገር ሳይሆን መደምደሚያ ነው። ፍሬ ነገሩ ያለው የይዞታ ደብተሩ ላይ በሰፈሩት አዋሳኞችና መሬቱ ላይ በሚታየው ወሰን መካከል ነው። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ጎረቤት ሞቶ ልጁ ተክቶት ይሆናል፤ ማሳውን አከራይቶት ሌላ ሰው ያርሰው ይሆናል። እንግዲህ ጥሩ አለማማጅ ልጅቷን ቢሮ አስቀምጦ የአማራ ክልልን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 በማስነበብ ብቻ አይወሰንም። ወደ ማሳው ይልካታል፤ ሲመቸው አብሯት ይወርዳል። ከዚያ የተመለሰች ልጅ ረቂቅ ወዲያው ይለያል፦ «በ2014 ክረምት ተከሳሽ በምሥራቅ በኩል ያለውን የወሰን ድንጋይ ነቅሎ ግማሽ ጥማድ ያህል ገፍቶ አረሰ»። እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሳነብ ከጀርባው አንድ ሰው እንደደከመ አውቃለሁ።

ከኅዳግ ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ «መቼ?» ነው። ይርጋን፣ ማለትም ክሱ ጊዜው አልፎበታል የሚለውን መከላከያ፣ ዳኛ በራሱ አያነሣም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856 ይህንን ይከለክላል። ተከሳሹ በጊዜው በመጀመሪያ መቃወሚያ ካላነሣው ደግሞ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት እንደተወው ይቆጠራል። ለተከሳሽ መልስ የምታዘጋጅ ተለማማጅ ቀኑን ሳትጠይቅ ካለፈች፣ ገበሬው የነበረውን ምናልባትም ብቸኛ መከላከያ ያጣል። ደግ አለማማጅ እንዲህ ያለው ስህተት ከወረቀቱ አልፎ ባለጉዳዩ ላይ እንዳይደርስ፣ ቀጠሮው ሳይቃረብ ረቂቁን አምጪ ይላል። በዋዜማው አይቶ የሚቆጣ አለ፤ ቁጣው ልክ ቢሆን እንኳ ልጅቷን አላገዛትም። በአንጻሩ ሁሉንም «ጎበዝ» እያለ የሚያሳልፈውም ከዚህኛው አይሻልም።

ቀጥሎ የማየው ባለጉዳይ ሲገባ ነው። የአገሬው ሽማግሌ ነገሩን ከአያቱ ይጀምራል። «ወደ ጉዳዩ ይግቡ» ብሎ ማቋረጥ ቀላል ነው፤ ነገር ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብሎ ያደገ ሰው የዘር ቆጠራውን በከንቱ አያወራም። ወራሹ ማን እንደሆነ፣ መሬቱ መቼ እንደተከፈለ፣ ማን ሊመሰክር እንደሚችል እዚያው ውስጥ አለ። በዚህ ጊዜ አለማማጁ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ያየች ልጅ ማዳመጥን ትማራለች።

ረቂቁ ሲያልቅ ደግሞ ለባለጉዳዩ ጮክ ተብሎ ይነበባል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ልማድ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው በስሙ የሚቀርበውን ጽሑፍ የሚመረምርበት ሌላ መንገድ የለውም። «ልጄ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም» ካሉ፣ አለማማጁ ልጅቷን በሰው ፊት ሳያሳፍር «እንግዲያው ምን ነበር ያሉት፣ አባቴ?» ብሎ ብዕሩን ለእርሷ ይተዋል። ከሕግ መጽሐፍ የተገለበጠ ሐረግ ከዚህ ንባብ አያመልጥም፤ ሽማግሌው ያልገባቸውን ዓረፍተ ነገር ዳኛው ቢረዱትም እንኳ ቀለል ብሎ መጻፍ ይገባዋል።

ፈቃድ አግኝታ ችሎት ስትቆም የሚታየው ሌላ ነው። የራሷን ምስክር በዋና ጥያቄ ስትመረምር መልሱን የሚጠቁም መሪ ጥያቄ ታቀርባለች፤ ተቃውሞ ይነሣል፣ ዳኛው ያርሟታል። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ዘመን በአንደበት ማሸነፍ ትልቅ ክብር ነበር፤ ዛሬም ብዙ አንጋፋ እንዲህ ባለ ጊዜ ብድግ ብሎ ሊቀበላት ይቃጣዋል። ተቀምጦ የሚቆየውን እመርጣለሁ። ጥያቄዋን ራሷ አስተካክላ ትጠይቃለች።

እንዲህ ያለው አያያዝ በአገራችን እስካሁን በሰው በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። በእንግሊዝ ባርስተር የሚሆን ወጣት አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር በአንጋፋ ሥር ሆኖ ይለማመዳል፤ ሥርዓት የተበጀለት ግዴታ ነው። በኛ የፌዴራል ጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በጥብቅና ድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ በር ከፍቷል፤ ከዚያ በፊት ግን ጠበቃ ለየብቻው የሚሠራ ነበርና ጀማሪ የሚጠጋበት ተቋም አልነበረውም። በወረዳ ከተማ እስካሁን ነገሩ የአንድ ሰው ደግነት ነው። ስለዚህ አለማማጁ ወደ ማሳ ሲልካት የመጓጓዣውን ይከፍል እንደሆነ እጠይቃለሁ። የማይከፍል ከሆነ ቢሮው የሚያሠለጥነው የቤተሰብ ድጎማ ያላቸውን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ሽንፈት ነው። ከወረዳ ፍርድ ቤት ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። ጥሩ አለማማጅ ፍርዱን ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብሎ ያነባል፦ ፍርድ ቤቱ የያዘው ጭብጥ ምን ነበር? የትኛውን ምስክር አመነ? ለምን? ይግባኙ የማያዋጣ ከሆነ፣ ይህንን ለባለጉዳዩ የምትነግረው እርሷ ናት። ገንዘብዎን አያባክኑ፣ ሽማግሌ ይግባበት ብላ ትመክራለች፤ ምክንያቱንም በገዛ ቃሏ ታስረዳለች።