ምንጣፉን ያዩ፣ ሰጋጁን ያላዩ መጻሕፍት



ልጃችሁ መድረሳ ገብቶ ዐረብኛ ቀርቶ ከሆነ «አጅሩሚያ» የምትባለውን ትንሽ የነሕው ኪታብ ሳያውቃት አልቀረም። በአገራችን ደረሳ የዐረብኛን ሰዋስው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእርሷ ነው። ጸሐፊዋ ኢብን አጁሩም እ.ኤ.አ. በ1323 በፌዝ ከተማ ያረፉ፣ ከሰንሃጃ ጎሣ የተወለዱ በርበር ናቸው። በብዙ ቤቶቻችን የሚገኘውን «ደላኢሉል ኸይራት»ን ያዘጋጁት አል-ጀዙሊም የሞሮኮ የሱስ ምድር በርበር ናቸው። እንግዲህ ይህ ሕዝብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ኪታቡን ለዘመናት ስንቀራ ኖረን የሕዝቡን ስም ግን ሳንጠይቅ ቀረን።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች፣ የእኛም ወገኖች ጭምር፣ «ልጆቻችንን አዛን በሚሰማበት አገር ብናሳድጋቸውስ?» ብለው ሲመክሩ ከሚያነሷቸው አገሮች አንዷ ሞሮኮ ናት። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ቤተሰቡ ጓዙን ከመሸከፉ በፊት መጽሐፍ ያነባል፤ የሚያነበውም በአብዛኛው ሌሎች የውጭ ሰዎች ስለዚያ አገር የጻፉትን ነው። ሰው ወደ አዲስ ጎረቤቱ በምን ዓይን እንደሚገባ አስቀድሞ የሚወስነው ይኸው ንባቡ ስለሆነ፣ እነዚህን መጻሕፍት መመርመር ተገቢ ነው።

ከቀደሙት እንነሣ። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኢዲት ዋርተን እ.ኤ.አ. በ1917 በፈረንሳዩ ገዥ በጄኔራል ልዮቴ እንግድነት ሞሮኮን ጎበኘች። በ1920 «በሞሮኮ» የተሰኘውን መጽሐፏን ስታሳትም መታሰቢያነቱን ለጄኔራሉና ለባለቤቱ አደረገች፤ ለጄኔራሉም ሥራ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጠች። ብዕሯ የተባ መሆኑን መካድ አይቻልም። የፌዝን ጠባብ መንገድና የመራኪሽን ግንብ ስትገልጽ አንባቢው በዓይኑ ያያቸዋል። ይሁን እንጂ የቆየችው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ የተጓዘችውም በገዥው አውቶሞቢል ነው። በገዥ መኪና ተቀምጦ ስለ ተገዥ የሚጻፍ መጽሐፍ ሕዝቡን ሥዕል ያደርገዋል። ሕዝቡ ይታያል እንጂ አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የጣሂር ሻህ «የኸሊፋው ቤት» ከዚህ በእጅጉ ይሻላል። የአፍጋን ዝርያ ያለውና በእንግሊዝ ያደገው ይህ ጸሐፊ ባለቤቱንና ሕፃናት ልጆቹን ይዞ ከለንደን ወደ ካዛብላንካ ተዛወረ። በድኾች ሰፈር መካከል የቆመ አሮጌ ቤት ገዛ፤ ከቤቱም ጋር ሦስት ጠባቂዎችን ተረከበ። መጽሐፉ የቤቱን ጥገና፣ የአናጢውንና የግንበኛውን ጣጣ፣ ቤቱን ይዞታል ስለሚባለው ጂን የሚወራውን ሁሉ ይተርካል። ደራሲው ከማንም ይልቅ በራሱ ይስቃል፤ ችግር ሲገጥመውም ሸሽቶ አልሄደም። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ ስለ ጂኑ ብዙ፣ ስለ ጎረቤቶቹ ሶላት ጥቂት ነው የሚያውቀው። ባለአገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እንግዳውን ሊያገለግለው፣ ሊያታልለው ወይም ሊያስቀው ነው።

ሦስተኛዎቹ «ወደ ሞሮኮ ለሚዛወሩ» ተብለው የሚጻፉት መምሪያዎች ናቸው። በአንዱ ምዕራፍ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የባንክ ሒሳብ ይዘረዝራሉ። በሌላው ምዕራፍ «የበርበር ባህል» ብለው ምንጣፍ፣ የብር ጌጥ፣ የአሮጊቶች ንቅሳትና የናዕናዕ ሻይ ያቀርባሉ። የመጻሕፍቱ ዋና ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ኑሮውን ከባህሉ ለይተው ኑሮውን ዋጋ፣ ባህሉን ጌጥ አድርገውታል። በአገሩ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው።

የመሬትን ጉዳይ እንመልከት። ከከተማ ክልል ውጭ ያለ የእርሻ መሬት የውጭ ዜጋ ሊገዛ አይችልም። በተራራው መንደር ያለው ሰፊ መሬት የጎሣው የጋራ ይዞታ ስለሆነ ለባዳ አይሸጥም። የግል የሆነውም ቢሆን ብዙ ጊዜ በመንግሥት መዝገብ ያልገባ ነው። የባለቤትነቱ ማስረጃ በምስክሮች ቃል ተመሥርተው ዐዱሎች የጻፉት «ሙልኪያ» ሲሆን፣ ከጀርባው ብዙ ወራሾች ይኖራሉ። አንዱ ወራሽ ድርሻውን ለውጭ ሰው ቢሸጥ ሌላው በሹፍዓ ዋጋውን ከፍሎ የማስመለስ መብት አለው። መምሪያው ይህን ሁሉ «የወረቀት ጣጣ» ይለዋል። ሹፍዓ ግን ከፊቅህ ኪታቦቻችን የምናውቀው፣ ዘመድ ከዘመዱ አጠገብ ባዳ በድንገት እንዳይገባበት የሚጠብቅ የሸሪዓ ሕግ ነው። ያለ ወራሾቹ ፈቃድ ቤት የገዛ እንግዳ የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ሰላምታም ያጣል።

የመንደሩም ኑሮ እንዲሁ ነው። ትልልቅ ሰዎች በጀመዓ ተቀምጠው የውሃውን ተራ ይደለድላሉ። እኛ ደቦ ወይም ጅጌ የምንለውን እነርሱ «ትዊዚ» ይሉታል፤ አጨዳም ሆነ የመንገድ ጥገና በእርሱ ይሠራል። በሱስ ተራሮች «አጋዲር» የሚባሉ የጋራ ጎተራዎች አሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ክፍልና ቁልፍ ነበረው፤ ታማኝ ጠባቂ ይሾም ነበር፤ ደንቡንም ፈቂሁ በዐረብኛ ይጽፈው ነበር። የመስጊዱን ኢማም የሚቀጥረውና የዓመት ቀለቡን የሚያዋጣው መንደሩ ራሱ ነው። ጎብኚው ጎተራውን ፎቶግራፍ ያነሣል። በቁልፉና በደንቡ ውስጥ ያለውን አማና ግን ካሜራው አይዘውም።

ታዲያ በርበር ከእስልምናው ተነጥሎ መታየት የጀመረው ከየት ነው? ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ፈረንሳዮች በርበሩን «በላይ በላዩ የሰለመ» እያሉ ከዐረቡ ሊለዩት ብዙ ደከሙ። እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1930 ባወጡት ድንጋጌ የበርበር ጎሣዎች ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ወጥተው በልማድ ፍርድ ቤት፣ በወንጀልም በፈረንሳይ ፍርድ ቤት እንዲዳኙ አደረጉ። በሳሌ፣ በራባትና በፌዝ መስጊዶች የተሰበሰበው ሕዝብ «ያ ለጢፍ» እያለ ከበርበር ወንድሞቻችን አትለየን ብሎ አላህን ለመነ። የሞሮኮ የነጻነት ትግል ከተቀጣጠለባቸው ቀኖች አንዱ ያ ነው። ዛሬ «የበርበር ባህል» በሚለው ምዕራፍ ውስጥ መስጊድ ስናጣ፣ ሳያውቁትም ቢሆን የዚያን ድንጋጌ ሐሳብ የሚደግም ጽሑፍ እያነበብን ነው።

ሌላ ንባብ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1749 ያረፉት ሙሐመድ አውዛል ዐረብኛ ለማያውቅ ወገናቸው የማሊኪን ፊቅህ በተሽልሒት ቋንቋ፣ በዐረብኛ ፊደል በግጥም ጽፈው «አል-ሐውድ» አሉት። የሱሱ ተወላጅ ሙኽታር አስ-ሱሲ (ከ1900 እስከ 1963) ፈረንሳዮች በ1937 ወደ ትውልድ መንደራቸው ሲያግዟቸው ግዞቱን ለሥራ ተጠቀሙበት። የሱስን ዑለማ፣ መድረሳና ታሪክ የሚዘግበው «አል-መዕሱል» በ20 ቅጾች የታተመው ከዚያ ድካም ነው። አንድም ምዕራፍ ስለ ንቅሳት ከማንበብ የእነዚህን ሰዎች ስም ማወቅ ለአንድ ሙስሊም ቤተሰብ ይበልጥ ይጠቅማል።

ውድ አንባቢያን፣ ጥፋቱ የፈረንጅ ብቻ ነው ብለን እንዳንዘናጋ። እኛም ውስጥ ዐረብኛ ያልሆነውን ሁሉ የጃሂሊያ ቅሪት አድርጎ የሚያይ አለ። ሕዝቡ ራሱን «ኢማዚገን» ይላል፤ ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ2011 በሞሮኮ ሕገ መንግሥት ከዐረብኛ ጎን የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል። ይህን ሲሰማ ለዲኑ የሚሰጋ ሰው ሱረቱ አር-ሩምን ይመልከት፤ የቋንቋዎቻችን መለያየት ከአላህ (ሱ.ወ) ተዓምራት መካከል ተቆጥሯል። በአማርኛ መንዙማ ዲናቸውን የተማሩ የወሎ ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

መጻሕፍቱ የዘለሉትን ለኑሮ የሚጠቅም ነገርም ልጨምር። በሞሮኮ የሚሠራበት የማሊኪ መዝሀብ ነው። ብዙ ሰው በሶላት እጁን ወደ ታች ለቆ ይቆማል፤ ቁርኣን በወርሽ ቂራአት ይነበባል፤ ከሱብሒና ከመግሪብ በኋላ ሒዝብ በጀመዓ ይቀራል። ሐፍስን የለመደ ልጃችሁ ግር ቢለው «ተሳስተዋል» ከማለታችሁ በፊት አስረዱት። የመኖሪያ ማስረጃ ስትጠይቁ መጀመሪያ የምታገኙት የሰፈሩን ሙቀደም ነው፤ እርሱም ስለ እናንተ የሚጠይቀው ጎረቤቶቻችሁን ነው። ሌላም አለ። መምሪያዎቹ የሚጻፉት ባብዛኛው ለነጭ አንባቢ ስለሆነ፣ ጥቁር ቤተሰብ በመንገድ ላይ ሊሰማ ስለሚችለው የንቀት ቃል አይናገሩም። ሙስሊም አገር ማለት ነውር የሌለበት አገር ማለት አይደለም። ልጆቻችሁ ይህን አስቀድመው ከእናንተ ቢሰሙ በሰው ጥፋት ዲናቸውን አይጠሉም።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2023 በከፍተኛው አትላስ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። የፈረሱት ጎብኚዎች ሲያደንቋቸው የኖሩ የበርበር መንደሮች ናቸው፤ የ12ኛው መቶ ዓመት የቲንመል መስጊድም ክፉኛ ተጎዳ። ምንጣፉን ብቻ ያየ አንባቢ በዚያ ቀን ያዘነው ለአንድ ውብ ሥዕል ይሆናል። ሰጋጁን ያወቀ ግን ለወንድሙ ሶላተል ጋኢብ ሰግዷል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጃችሁ ሲገባ ሦስት ነገር ጠይቁት። የአገሩ ሰው በውስጡ ይናገራል ወይስ ይታያል ብቻ? ስለ ጎረቤት ሐቅ አንድ ገጽ አለው? ልጄ ይህን አንብቦ የዚያን አገር ልጅ ወንድሜ ይለዋል ወይስ ጉድ ይለዋል? መልሱ ካላማራችሁ የመኖሪያ ፈቃዱን ምዕራፍ ብቻ አንብቡና የቀረውን ከጎረቤታችሁ ተማሩ።

አላህ በሄድንበት ሁሉ ለጎረቤት መልካም ጎረቤት ያድርገን። አሚን።