የፎቶ አንሺው ክርን

ባለፈው የእህቴ ልጅ ስትዳር አንድ ነገር ታዘብኩ። ነገሩ ትንሽ ነው። «ይሄም ጋዜጣ ላይ ይጻፋል?» የምትሉኝ አትጠፉም። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ነው። አባት፣ እናት፣ ከእናትየው ቀጥሎ ደግሞ አክስታችን በተርታ ተቀምጠዋል። አክስታችን እዚያ ተርታ ውስጥ የገባችው በዝምድና ብቻ አይደለም። እህቴ በሥራ ምክንያት ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ስትዞር፣ ልጅቱን ሰባት ዓመት ሙሉ አቅፋ ያሳደገቻት እሷ ናት። እናላችሁ፣ ሙሽሪት ዝቅ ብላ የአክስታችንን ጉልበት ልትስም ስትል፣ አክስታችን እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ መመረቅ ስትጀምር፣ ፎቶ አንሺው ከየት መጣ ሳይባል መሀላችን ገብቶ ተገተረ። ካሜራውን በቁመት አዞረው። ቀኝ እጁ ወደ ላይ ወጣ፤ ክርኑ እንደ ዶሮ ክንፍ ተዘረጋ። ከጎኔ የተቀመጡትን ሽማግሌ ባርኔጣ ገጭቶ ጣለባቸው። «ይቅርታ አባቴ» የለ፣ ምን የለ! ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ... ጨረሰና ሄደ። እኛ ከኋላ ያለነው ከምርቃቱ ያየነው ነገር ቢኖር የሰውየውን ብብት ነው።

ያን ቀን በጣም ስለተናደድኩ፣ ነገሩን ሥራዬ ብዬ ጠየቅሁ፤ በየሰርጉም አስተዋልኩ። ለካስ ካሜራን በቁመት መያዝ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ካሜራ ሲፈጠር አግድም ነው። ኦስካር ባርናክ የተባለ ጀርመናዊ የሲኒማ ፊልም ወስዶ ትንሽ ካሜራ ሲሠራ፣ 18 በ24 ሚሊ ሜትር የነበረውን የሲኒማ ምስል እጥፍ አድርጎ 24 በ36 አደረገው። ከላይ ወደ ታች ይወርድ የነበረው ፊልምም ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። ይኸው ካሜራ ላይካ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1925 ላይፕዚግ ላይ ለሕዝብ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ የቆመን ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ሞልቶ ማንሳት የፈለገ ሁሉ ካሜራውን ማዞር ዕጣ ፋንታው ሆነ። ካሬ የሚያነሱት እነ ሮሌፍሌክስና ሃሰልብላድ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ኦሊምፐስ ፔን ደግሞ የ35 ሚሊ ሜትሩን ምስል መልሶ ለሁለት ከፈለው። እንደወረደ ሲይዙት በቁመት ያነሳል፤ ከባለ 36ቱ ፊልም 72 ፎቶ ይወጣል። ለቆጣቢ የተፈጠረ ካሜራ ነው።

የቀረው ሕዝብ ግን ያዞራል። ማዞሪያው ሁለት ነው። አንደኛው ቀኝ እጅን ወደ ላይ አውጥቶ ነው። ቶሎ ይመጣል፣ ለለመደው ይቀላል፤ ግን ክርን አየር ላይ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈ ክንድ ይደክማል፤ የደከመ ክንድ ይንቀጠቀጣል፤ መብራት ባነሰበት አዳራሽ ደግሞ የተንቀጠቀጠ እጅ የሚያወጣው ፎቶ ሙሽሪትን ከነመንታዋ ነው። ሁለተኛው ቀኝ እጅን ወደ ታች አድርጎ ማዞር ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ክርኖች ጎድን ላይ ያርፋሉ፣ ግራ እጅ ሌንሱን ከሥር ይደግፋል፣ ሰውየው ራሱ እንደ ካሜራ ማቆሚያ ይረጋል። የጎረቤት ባርኔጣም በቦታው ይቆያል። ከዚህም ሌላ ባትሪ ግሪፕ የሚባል ከካሜራው ሥር የሚገጠም ዕቃ አለ። በቁመት ለሚያነሳ ሰው ሁለተኛ መጫኛ ስላለው፣ ካሜራው ቢዞርም እጅ ከቦታው አይነሳም። ዋጋው ግን ቀልድ አይደለም፤ ሁሉም ይግዛ አልልም። ክርን መሰብሰብ ግን በነፃ ነው።

የፍላሹ ነገርም አለ። ካሜራው አናት ላይ የተሰካ ፍላሽ፣ ካሜራው ሲዞር አብሮ ወደ ጎን ይተኛል። ብርሃኑ ከላይ መምጣቱ ቀርቶ ከጎን ይመጣና፣ ከሰውየው ሌላኛው ጎን ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይለጥፋል። የሠርግ አልበማችሁን አውጥታችሁ እዩ። ከሙሽሪት ጎን ጥቁር የለበሰች ሁለተኛ ሙሽሪት ቆማ ታገኛላችሁ። የፍላሹን ጭንቅላት ወደ ጣሪያው አዙሮ ብርሃኑን ነጥሮ እንዲመለስ ማድረግ፣ ወይም ሙሽሪትን ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ማድረግ ይበቃ ነበር። ግን ማን ጊዜ አለው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እስካሁን ያወራሁት የክርንና የጥላ ነገር ነው። ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቄ በተውኩት ነበር።

አክስታችን ከሠርጉ ሰባት ወር በኋላ አረፈች። ድንኳን ተተከለ፣ ለቀስተኛ መጣ። እንደምታውቁት ለቅሶ ቤት ፎቶ አሳድጎ ማቆም ልማድ ሆኗል። «የሠርጉ አልበም አለ አይደል!» ተባለና ያ እንደ በር የከበደ አልበም ወጣ። ገለጥን። ሙሽሪት ቆማ፣ ሙሽሪት ዞራ፣ ሙሽሪት አበባ ስታሸት፤ ሙሽራው ክራቫቱን ሲያስተካክል፤ ሁሉም በቁመት፣ ሁሉም ብቻ ብቻቸውን። የጉልበት መሳሙ ገጽ ደረስን። እህቴ ልጅ ዝቅ ብላለች፣ ቀሚሷ እስከ ጫፉ ገብቷል፣ ጥልፉ ሳይቀር ይነበባል። ጭንቅላቷ ላይ አንድ እጅ አለ። እጁ ከአንጓው ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የፎቶው ጠርዝ ነው።

የአክስታችን እጅ ነበር። ስንት ዘመን ምጣድ የገረፈው፣ ሌባ ጣቱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት እጅ። ቤተሰቡ በሙሉ አወቀው። ግን እጅ አሳድጎ ድንኳን ውስጥ ማቆም አይቻል ነገር... በመጨረሻ ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለችውን 3 በ4 ወስደን አሳደግናት። ማኅተሙ ግማሽ አገጯን ይዞታል፤ ዓይኗ ደብዝዟል። ያቺን ነው ሦስት ቀን ፊት ለፊቷ ቆመን ያለቀስንባት።

እንግዲህ በአማርኛችን ያንን ፎቶ ምን ብለን እንደምንጠራው ታውቃላችሁ፤ «ጉርድ» ነው የምንለው። ዕድሜ ልኩን በቁመት የተነሳው ሕዝባችን፣ ለመታወቂያ፣ ለሥራ ማመልከቻና ለፈተና ሲል ነው። ለቢሮ ጉርድ ይበቃል። ለሠርግ ግን እንዴት ጉርድ ይበቃል?

ፎቶ አንሺውን አግኝቼው ነበር። ልጅ እግር ነው፣ ጨዋም ነው። እጁን ፎቶ አሳየሁትና ነገሩን ነገርኩት። ደነገጠ።

«ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። ግን ቀሚሱን ሙሉ ካላስገባሁ እኮ ሙሽሮቹ ይጣሉኛል» አለኝ።

«ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ብትል ኖሮስ?»

«ከኋላ ሰው አለ። ደግሞ አልበሙ ራሱ በቁመት ነው የታዘዘው። ሙሽሮቹም አስቀድመው ‘ለስልክ የሚሆን አድርግልን’ ብለውኛል። አግድም ከሆነ ስልክ ላይ ትንሽ ሆኖ ነው የሚታየው።»

እውነቱን ለመናገር የልጁ መልስ አፌን አስያዘኝ። በቁመት ማንሳት በራሱ ኃጢአት አይደለማ። ከደረት እስከ ጫፍ ጥለት የወረደበት የሐበሻ ቀሚስ ቁመት ይፈልጋል። የአክሱምን ሐውልት በአግድም ላንሳህ ቢሉት ከግማሹ በላይ የሚገባው ሰማይና ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ዶሮቲያ ላንግ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሳቻት፣ ልጆቿን ታቅፋ በሐሳብ የሄደችው ስደተኛ እናት ፎቶም በቁመት ነው፤ እናትና ልጆች እንዲያ ተጠጋግተው ሌላ ቅርጽ ምን ያደርጋል? ቁምነገሩ ካሜራውን ከማዞር በፊት «ይህ ነገር ስንት ሰው ነው?» ብሎ መጠየቁ ላይ ነው። ቆማ የምትታይ ሙሽሪት አንድ ሰው ናት። ጉልበት መሳም ግን ቢያንስ ሁለት ሰው ነው። መአድ አግድም ነው። እስክስታ አግድም ነው። እኛ በተርታ ተቀምጠን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን የምንኖር ሰዎች ነን።

ቤቴ ስገባ የራሴን ስልክ አወጣሁ። ያን ቀን እኔም ቀርጬ ነበርና «የእኔው ላይ ትገኝ ይሆናል» ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አራት ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ አገኘሁ። በቁመት! ቀጥ አድርጌ፣ በአንድ እጄ፣ በሌላው እጄ ለስላሳ ይዤ። መጀመሪያ የፎቶ አንሺው ጀርባ፣ ቀጥሎ ሙሽሪት፣ ቀጥሎ ኬክ። አክስታችን ለሦስት ሰከንድ ያህል በትከሻዋ አለፈች። ድምፅዋ ግን አለ፤ ከስዕሉ ውጪ ሆና «አሜን በሉ እንጂ!» ትላለች።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። የድሮው ፎቶ አንሺ በቁመት ለማንሳት እጁን ማዞር ነበረበት፤ ስለዚህ ቢያንስ አስቦበት ነው። ስልክ ግን ነገሩን ገለበጠው። ሲይዙት በቁመት ነው፤ ጎረቤትን ለማስገባት ነው አሁን እጅ ማዞር የሚያስፈልገው። ሳናስብ ስናነሳ አንድ ሰው ይወጣል፤ አስበን ስናዞር ነው ቤተሰብ የሚወጣው። በዚህ ነገር ፎቶ አንሺውን ብቻ ልወቅስ አልችልም። የእኔም ክርን የሆነ ሰው ፊት ላይ ነበር።

የእህቴ ልጅ ያቺን የእጅ ፎቶ አስፍሬምማ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላታለች። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ የማን እጅ ነው?» ይላል። እሷም ቁጭ ብላ ታወራለታለች።

እናንተ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ሠርግ ካላችሁ፣ ፎቶ አንሺውን ቀብድ ስትሰጡት አንድ ነገር ጨምሩለት፦ «ወንድሜ፣ ክርንህን ሰብሰብ፤ ጉልበት ስንስም ደግሞ ካሜራህን አጋድምልን» በሉት። ስልካችሁንም እንደዚያው።