ሣሩ ሥር ያለው መንደር

ዴልሂ ሄዶ የሎዲ ፓርክን ያየ ሰው የሚያወራው ስለ ውበቱ ነው። እውነትም ያምራል። 90 ኤከር ገደማ ነው፤ ሰፊ ሣር፣ ትልልቅ ዛፎች፣ የሚንጫጩ አረንጓዴ በቀቀኖች፣ መሃል ላይ የ15ኛውና የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሱልጣኖች መቃብር። መግቢያውም በነጻ ነው። እኔን ግን ደጋግሞ ያመላለሰኝ ስሙ ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 1930ዎቹ እዚህ ቦታ ኻይርፑር የሚባል መንደር ነበር። ሰዉ በመቃብሮቹ ዙሪያ ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። እንግሊዞች ነዋሪውን አስነሥተው መስኩን አስተካከሉና በ1936 ፓርኩን በእንደራሴያቸው ሚስት ስም “ሌዲ ዊሊንግደን” ብለው ከፈቱት። ሕንድ በ1947 ነጻ ስትወጣ ስሙ ሎዲ ሆነ። እሱም ቢሆን ሁሉንም አይሸፍንም። የመሐመድ ሻህ መቃብር ከሎዲዎች በፊት የገዙት የሰይዶች ነው፤ ስምንት ምሰሶ ያለው ድልድይ ደግሞ ከእነሱ በኋላ የመጡት የሙጋሎች። ኻይርፑር ግን በሁለቱም ስም ውስጥ የለም።

በእኛ ሙያ ኮድ ሲሰረዝ መዝገቡ ይቀራል፤ ማን፣ መቼ እንዳጠፋው ገብተህ ታያለህ። ሣር እንዲህ ዓይነት መዝገብ የለውም። ይባስ ብሎ ከጥንትም እዚያው የነበረ ይመስላል። መቃብሮቹ ብቻቸውን፣ እንደ ፖስትካርድ ሥዕል የቆሙት ጎረቤቶቻቸው ስለተነሡ ነው። በ1968 ጆሴፍ ስታይንና ጋሬት ኤክቦ ፓርኩን እንደገና ሲነድፉትም የሠሩት በዚሁ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

“መንደሩ ባይነሣ ኖሮ ቅርሱ ይፈርስ ነበር” የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ግን ቅርስ መጠበቅና ሰው ማንሣት የግድ አንድ ሥራ ናቸው ወይ? ፓርኩ ራሱ መልስ አለው። እሑድ ቀን ቤተሰብ ጨርቅ አንጥፎ መቃብሩ ጥግ ምሳውን ይበላል፣ ፍቅረኞች ቅስቶቹ ሥር ይቀመጣሉ፣ ልጆች ደረጃው ላይ ይሯሯጣሉ። ከሥዕሉ የወጣው ሰው ተመልሶ ገብቷል፤ ፓርኩን ፓርክ ያደረገውም ለእኔ ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ እነዚህ ሲመሽ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ የኻይርፑር ሰዎች ቤት ግን እዚሁ ነበር።

ዴልሂ ከሄዳችሁ ሳታዩት እንዳትመለሱ። ሣሩ ላይ ስትቀመጡ ግን የመንደሩን ስም አስታውሱት።